እህል የቀመሰ እዚህ ይቁም

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ሻይ እሸጣለሁ። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ከገጠር ወደ ከተማ የመጣሁት ታላቅ ወንድሜ ዘንድ ነው፤ ሻይ ቤቷም የእሱ ናት። ይህ የማወራችሁ ነገር ሲደርስብኝ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ከቡሬ አልፌ አላውቅም።

መንገዱን ሁሉ ግን በጆሮዬ አውቀው ነበር። መናኸሪያ በር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሳይሄድ ይሄዳል። መንገደኛ ሻይ ይዞ የሚያወራው ስለ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ «መንገዱ እንዴት ነው?» ይባባላል፣ ከዚያ ምክሩ ይቀጥላል። ወደ ባሕር ዳር በጠዋት የሚሄድ ሰው በግራ በኩል ይቀመጥ፤ በቀኝ ከተቀመጠ ፀሐይዋ ከወጣች ጀምሮ እስኪወርድ ድረስ ትጠብሰዋለች። ዱርቤቴ ገበያ በሚውልበት ቀን የሚያልፍ ሰው ከጆንያ ጋር ለመታቀፍ ይዘጋጅ። የሚያስመልሰው ሰው ሎሚ ይያዝ፣ ከኋላ አይቀመጥ። ግሽ ዓባይ ጸበል የሚሄድ ሰው ደግሞ ጋቢ ይያዝ፣ ጥላሊ ላይ መኪና ይቀይር፣ ከሁሉም በላይ እህል እንዳይቀምስ፣ ውሃም እንዳይጠጣ። ይህን ሁሉ ከአንዱ ሰምቼ ለሌላው እናገራለሁ። ሰዎች አመስግነውኝ ይሄዳሉ። እኔ ብርጭቆ አጥባለሁ።

ዓይን አፋር ነበርኩ። «ነበርኩ» ስል ዛሬ ድኛለሁ ማለቴ አይደለም። ሰው ፊት ለፊት ካየኝ ዓይኔ ጫማው ላይ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ እምቢ ማለት አለመቻሌ ነው። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት ሦስት ሴቶች ተራ በተራ መጥተው «በሞቴ» ብለው አጎረሱኝ፤ ከጠገብኩ በኋላ ማለቴ ነው። ሦስቱንም ዋጥኩ፣ ሌሊቱን ሆዴን ይዤ አደርኩ። «በሞቴ» ከተባልኩ አለቀልኝ። ይህን ያዙልኝ፤ ወደፊት ትፈልጉታላችሁ።

ሁለት ጓደኞች ነበሩኝ። መሠረት አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ናት፤ ፈጣን፣ ተናጋሪ፣ የሄደችበትን ሁሉ በስልኳ ፎቶ የምታነሳ። ሀያት ደግሞ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። የአባቷ ሱቅ ከሻይ ቤቷ ፊት ለፊት ስለሆነ ውላ የምትገባው እኔ ዘንድ ነው። ከጥምቀት በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም እኔ ዘንድ ተቀምጠዋል። መሠረት የዓመት ፈቃድ ወጥታለች።

«እሺ፣ ዘንድሮ የት ነው የምንሄደው?» አለች መሠረት።

«ባሕር ዳር እንዳትይኝ» አለች ሀያት። «ከአባቴ ጋር ጨርቅ ልናመጣ ስንሄድ ሐይቁን የማየው በመኪና መስኮት ነው። ዓሣም ቢሆን ጠገብኩ።»

«ግሽ ዓባይስ?»

«እኔ ጸበል አልጠጣ፣ አልጠመቅ። ግን አገሩን ማየት እወዳለሁ። ሜዳው ምንጣፍ ነው አሉ።»

እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። ሳላስበው አፌ ተናገረ። «ጥላሊ ላይ ስትቀይሩ ከፊት የቆመውን ሳይሆን የሞላውን ያዙ። ከፊት የቆመው እስኪሞላ ሰዓት ይፈጃል። ጋቢ ያዙ። መሠረት፣ አንች ደግሞ ከቤት ስትወጭ ምንም እንዳትቀምሽ፤ እህል የቀመሰ አይገባም።»

መሠረት ሳቀች። «አንችማ የሻይ ቤት አስጎብኚ ሆነሻል! ለመሆኑ አንች የት ሄደሽ ታውቂያለሽ? ቡሬ?»

ሀያት «ተያት እንጂ» አለቻት፤ እሷም ግን ሳቋን ይዛው ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ወዳላየሁት አገር ስንቱን ሰው መንገድ እንዳሳየሁ አሰብኩ። እኔ ስናገር ሰዎች ይሄዳሉ፤ እኔ እዚያው ነኝ። የሰው ወሬ እየተቀበልኩ የምሸጥ ሴት ሆኜ ማርጀቴ ታየኝ።

«እኔም እሄዳለሁ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አዲስ ነበር።

ወንድሜን ለማስፈቀድ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ወንድሜ አንዱዓለም ክፉ ሰው አይደለም፤ አባታችን ካረፈ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው። ነገር ግን ቃሉ አንድ ነው። «ከመሠረት ጋር ሄደሽ፣ ከመሠረት ጋር ማታ እዚህ ነሽ» አለኝ። «ሴት ልጅ ውጭ አደረች ከተባለ፣ ሻይ ቤቷን ቆልፌ ወደ ገጠር ነው የምመልስሽ። ሰማሽ?» ሰማሁ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ለመሠረትም አደራ ሰጣት።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ተነሳን። ቡሬ ደርሰን ሚኒባስ ስንጠብቅ መሠረት ከቦርሳዋ ብስኩት አውጥታ ቆረጠመች። «መሠረት!» አልኳት።

«ኧረ ይች እህል አትባልም! ብስኩት ናት» አለች፣ አፏን በመዳፏ እየጠረገች። ሀያት ሰማይ ሰማይ አየች።

ሚኒባሱ ውስጥ ከአጠገቤ አንዲት እናት ተቀመጡ። ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ በጉልበታቸው ላይ ትልቅ ቋጠሮ የያዙ። ከመነሳታችን ቋጠሮውን ፈቱት። ዳቦ ነው፤ ሽታው መኪናውን ሞላው። «የልጅ ልጄ ክርስትና ነበር» አሉ ለሁሉም። «እዚህ ቡሬ። ወንድ ነው! ለሕፃኑ በረከት ነውና ሁላችሁም ቅመሱ።» እየቆረሱ ለፊቱም ለኋላውም አደሉ። ሹፌሩ ሳይቀር ተቀበለ።

ለእኔ ሲሰጡኝ እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ። «ይቅርታ እናቴ፣ እኔ...» ብዬ ዝም አልኩ። «ወደ ጸበል ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ብቻ ነው። ግን መኪናው ሙሉ ሰው ያየኛል፣ ፊቴ ነደደ።

«ምነው የኔ ልጅ? የሕፃኑን ዳቦ ትጠይፊ? በሞቴ! በኔ ሞት!» አሉና ወደ አፌ አስጠጉት።

ከፈትኩ። ዋጥኩ።

«እሰይ! ይባርክሽ» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው፣ ከዚያ በኋላ፣ «ወዴት ነሽ ለመሆኑ?» ያሉኝ።

«ወደ ጸበሉ።»

እጃቸው ቋጠሮው ላይ ቆመ። «ውይ! ውይ በሞትኩት! ምነው ሳትነግሪኝ? ልጅ፣ አፍ የለሽም?» ደረታቸውን መቱ። «እኔ ነኝ የበደልኩሽ፣ እኔ። እዚያ ስትደርሽ አያስገቡሽም።»

ሀያት ከኋላ ትከሻዬን ነካች። መሠረት ዞር ብላ በሳቅ ፈረሰች። «መካሪዋ! የመከርሽው ለካ ለሰው ነው!» አለች። ዓይኔን መስኮቱ ላይ ተከልኩ። ጥላሊ ላይ ከእናትዬዋ ጋር መኪና ቀይረን ስንነሳ መንገዱ ጠጠር ሆነ፣ አየሩ ቀዘቀዘ፤ የገብስ አውድማና ፈረስ የጫነ ሰው እያለፈን ሄደ። እኔ ግን ያየሁት እምባዬን ነበር።

ስንወርድ እናትዬዋ እጄን ያዙኝ። «ብርቄ እባላለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ፣ በባሕር ዛፍ የታጠረው ቤት ነው። የብርቄ ቤት ብለሽ ብትጠይቂ ውሻው ሳይቀር ያሳይሻል። ከተቸገርሽ ነይ» አሉኝና ቋጠሯቸውን አዝለው ሄዱ።

ሜዳው እንደተባለው ነው። ለስላሳ አረንጓዴ፣ ሲረገጥ ከሥሩ ውሃ የሚተነፍስ። ወደ ጸበሉ የሚሄዱ ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ይወርዳሉ። መግቢያው ላይ ቢጫ ካባ የደረቡ አንድ ሽማግሌ አባት መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ለሚመጣው ሁሉ አንድ ቃል ይደግሙለታል፤ «እህል የቀመሰ፣ ውሃ የጠጣ እዚህ ይቁም። ያልቀመሰ ይግባ።»

ከአጥሩ ውጭ የሚታየው የሰው ጀርባ ብቻ ነበር። ምንጩ አይታይም።

ሀያት «እኔ እዚህ ሣር ላይ ነኝ» ብላ ተቀመጠች። መሠረት ነጠላዋን አጣፍታ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። «ዝም ብለሽ ተከተይኝ። ማን ያያል? አንድ ጉርሻ ናት።»

ተከተልኳት። ከፊታችን ሦስት ሰው፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ሰው። አባ መሠረትን ሲያዩዋት ቀና ብላ አለፈች። ምንም አላለችም፤ እሳቸውም ካልተናገረች አይጠይቁም። የእኔ ተራ ሆነ። እግሬ ባዶውን ነው፣ ሣሩ ይቀዘቅዛል። እንደ መሠረት ዝም ብል እገባለሁ። ዝም ማለት ደግሞ የእኔ ሙያ ነው፤ ዕድሜዬን በሙሉ የሠራሁት እሱን ነው።

በዝምታ ዳቦ በላሁ፣ በዝምታ ልገባ ነው፣ ብዬ አሰብኩ። ሁለቱም ያው አንድ ዝምታ ነው።

«አባ፣ እኔ ቀምሻለሁ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነበር መሰል፣ ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ሰሙ። አንድ ጎረምሳ ሳቀ።

አባ አዩኝ። «ምን ቀመስሽ?»

«የክርስትና ዳቦ። በሞቴ ተብዬ።»

«እንግዲያስ ነገ ነይ» አሉኝ። አልተቆጡም። መሠረት ከውስጥ ዞራ ስታየኝ ፊቷ ቀላ። የእሷን ብስኩት አልተናገርኩም። የሷን ለሷ ተውኩት፤ እኔ የመለስኩት ለራሴ አፍ ነው።

ከሀያት አጠገብ ተቀመጥኩ። «አበድሽ?» አለችኝ በቀስታ። ከዚያ ደግሞ «ደግ አደረግሽ» አለች።

መሠረት ፀጉሯን አርሳ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ሞልታ ተመለሰች። ጠርሙሱን ጭኔ ላይ አደረገችው። «እንኪ። አመጣሁልሽ። ቤትሽ ወስደሽ ነገ ጠዋት ትጠጪዋለሽ። ያው ነው።»

«ያው አይደለም» አልኳት። «እኔ የመጣሁት ላየው ነው። ነገ እገባለሁ።»

«ነገ? ነገማ አንች ፍኖተ ሰላም ሻይ ስታፈይ ነው የሚነጋው።»

«እዚህ ነው የማድረው።»

መሠረት እንደ ሞኝ አየችኝ። «ጥሩዓለም፣ አደራ ያለብኝ እኔ ነኝ! ወንድምሽ የሚይዘው እኔን ነው! ምን ብዬ ልመልስለት?»

እውነቷን ነው፤ አደራ አለባት። ስለዚህ «ደውይለት፣ ራሴ እነግረዋለሁ» አልኳት። ደወለች፣ ስልኩን ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ዛሬ አልገባሁም፣ እህል ቀምሼ ነበር። ነገ ጠዋት ገብቼ፣ አይቼ፣ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ። የማድረው አንዲት እናት ቤት ነው፤ ብርቄ ይባላሉ።»

ከዚያ ጮኸ። ጆሮዬን አራቅሁት፤ ሀያትም መሠረትም ሰሙት። «አሁኑኑ ተሳፈሪ! አሁኑኑ! የማታውቂው ሰው ቤት? ምን ሊሉን ነው?»

«ያሉትን ይበሉ፣ ጋሼ። ነገ ነው የምመጣው።»

«ነገ ከመጣሽ ሻይ ቤቷ የለችም! ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አልኩ። ይህ «ሰማሁ» ከበፊቱ «ሰማሁ» የተለየ ነበር። ስልኩን መለስኩ።

መሠረት ተቆጥታ ወደ መኪናው ቀደመች። ሀያት ግን የራሷን ጋቢ አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። «ባድር ደስ ባለኝ» አለች። «አባቴን ታውቂዋለሽ። የዚህ አገር ብርድ አይቀልድም፤ ይህ ደግሞ ካንች የሰማሁት ምክር ነው።» ተሳሳቅን። መኪናው ሲሄድ በመስኮቱ እጇን አወጣች። እኔ አገሩ ሁሉ የኔ ሆነ ወይስ አገር የለሽ ሆንኩ ሳላውቅ ሜዳው መሐል ቀረሁ።

የብርቄን ቤት ውሻው አሳየኝ። እማማ ብርቄ ሲያዩኝ «እኔን!» አሉ፣ አስገቡኝ፣ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተኛን። ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ስለ ልጆቻቸው እያወሩልኝ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ስነሳ ምድጃው ነዷል። ድንች ተቀቅሏል፣ በላዩ ላይ እንፋሎት ይወጣል። የገብስ ዳቦም አለ። እማማ ብርቄ ያደርኩበትን ምክንያት ረስተውታል መሰለኝ፤ ወይም እንግዳ ሳይቀምስ ከቤታቸው ወጥቶ አያውቅም። አንዱን ድንች ልጠው፣ እፍ ብለው፣ ወደ አፌ አመጡት። «ብርድ ነው፣ ሆድሽን ያዥ። በሞቴ።»

ቃሉን ስሰማ አፌ ሊከፈት ምንም አልቀረው። እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«እምቢ» አልኩ።

«እንዴ!»

«እምቢ፣ እማማ። ወደ ጸበሉ ነኝ።» ሦስቱ ቃል ወጣ። ትናንት መውጣት የነበረበት።

ፊታቸው ጠቆረ። «ቤቴ አድረሽ፣ እህሌን ሳትቀምሽ?» ከዚያ ድንገት አስታወሱ፤ ድንቹን እንደያዙ ግንባራቸውን መቱ፣ የድንች ፍርፋሪ ሻሻቸው ላይ ቀረ። «አይ እኔ! ሁለተኛ ላስቀርሽ ነበር! ሂጂ፣ ሂጂ ቶሎ! ስትመለሽ ትበያለሽ።»

«ስመለስ ሦስት እበላለሁ» አልኳቸው። ሳቁ።

አባ እዚያው ቆመዋል። እንደ ትናንቱ «እህል የቀመሰ እዚህ ይቁም» አሉ። ከዚያ አዩኝ። «ትናንት የቀመስሽው አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ዛሬስ?»

«አልቀመስኩም።»

መቋሚያቸውን ወደ ጎን አደረጉልኝ። «የትናንቱ አፍሽ ለዛሬው ምስክር ነው። ግቢ።»

ገባሁ። ምንጩን አየሁት። ትንሽ ነው! አንድ ሰው ተንበርክኮ በእጁ ሊሸፍነው የሚችል የውሃ ዓይን። ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን አንድም መንገደኛ ነግሮኝ አያውቅም። ያ ሁሉ ወንዝ ከዚህች ነው የሚነሳው። አጎንብሼ ጠጣሁ፣ ቅዝቃዜው ጥርሴን ቆረጠመኝ። አላለቀስኩም። ሳቅኩ። ከአጠገቤ ያለችው ሴት «ምን ያስቅሻል?» አለችኝ። «ትንሽ ናት» አልኳት። «እኔም መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ስቄያለሁ» አለችኝ።

እማማ ብርቄ ቤት ተመልሼ ቃሌን ጠበቅሁ፤ ሦስት ድንች በላሁ። በጥላሊ፣ በቡሬ አድርጌ ብቻዬን ተሳፍሬ ገባሁ። ሻይ ቤቷ በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

ወንድሜ ቤት ውስጥ ነበር። አላናገረኝም። እኔም አልለመንኩም። ሰኞ ጠዋት ከሀያት እናት ትልቅ ፔርሙስ ተዋስኩ፣ ሻዩን ቤት አፈላሁ፣ የተቆለፈው በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሸጥኩ። ደንበኞቼ ቁልፉን እያዩ «ምነው?» ይላሉ። «ግሽ ዓባይ ሄጄ አድሬ መጣሁ» እላለሁ። አልደበቅሁም። ማክሰኞም እንዲሁ፣ ረቡዕም። መሠረት በሦስተኛው ቀን መጣች፤ ድንጋዩ ላይ ከአጠገቤ ተቀመጠች። «እኔ የገባሁት ገባሁ አይባልም» አለችኝ። ሻይ ቀዳሁላት። ሐሙስ ጠዋት ስመጣ ቁልፉ የለም፤ በሩ ተከፍቷል፣ ውስጥ እሳት ተያይዟል።

ይህን የምታነቡ፣ «አንድ ጉርሻ በላች፣ አደረች፣ ተመለሰች፣ ይህ ምኑ ገጠመኝ ነው?» ትሉ ይሆናል። ለእናንተ ላይሆን ይችላል። «እምቢ» የሚለውን ቃል ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስትናገሩት ላደጋችሁ ሰዎች ትንሽ ነው። እኔ ግን በሃያ አንድ ዓመቴ፣ ድንች ፊት ለፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልኩበት ቀን ነው። ሰዎች ዛሬም «ውጭ ያደረችው» ይሉኛል። አዎ፣ አድሬያለሁ። ደግሜ አድራለሁ። ዓይኔ ዛሬም ሰው ጫማ ላይ ይወድቃል፤ አንገቴን ደፍቼም ቢሆን ግን እምቢ እላለሁ። ዓይን አፋር መሆን ሌላ፣ አፍ ማጣት ሌላ ነው። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ኖሬ ነበር።

ምክርም ከፈለጋችሁ እነሆ። ጥላሊ ላይ የሞላውን ያዙ። ጋቢ ያዙ። «በሞቴ» ያላችሁ ሰው አይሞትም፤ እማማ ብርቄ እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ፣ ለፋሲካ ድንች ልከውልኛል።

ባለፈው ሰሞን ወንድሜ በጉዳይ ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ ነበር። ጠዋት ሻዩን ጠጥቶ ብርጭቆውን ሲመልስልኝ ትንሽ ቆመ። ወደ መናኸሪያው እያየ፣ ወደ እኔ ሳያይ ጠየቀኝ።

«በየት በኩል ነው የምቀመጠው?»

«በግራ፣ ጋሼ» አልኩት።

በግራ ተቀመጠ። መኪናው ሲወጣ በመስኮቱ አየሁት።